የማዶዎቹ ጫፍ

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ የበርበሬ ዛላ እያገላበጥኩ ሳለ ከኋላዬ አንድ ሰው «ሮማን፣ አንቺ ነሽ?» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስሜን እንዲህ ባዶውን የሚጠራኝ የለም። ለበርበሬ ሻጯ እማማ ነኝ፤ ለታክሲ ረዳቱ ማዘር ነኝ፤ የካ አባዶ በምኖርበት ብሎክ ደግሞ የሊያ እናት ነኝ። ዞር ስል ነጭ ጺም ያወረደ፣ ከዘራ የተደገፈ ረጅም ሽማግሌ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ያወቅኩት በጥርሱ ነው። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ጫፉ ተሸርፏል። ድሮ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ ሊከፍት ሲታገል የሸረፈው እኔው ፊት ነው። ሰይድ! የባለቤቴ የመስፍን የልብ ጓደኛ፣ የጓደኛዬ የፋጡማ ወንድም፣ የዚያች አረንጓዴ ላንድሮቨር ባለቤት።

ገበያተኛው እየገፋን እያለፈ እኛ ተቃቅፈን ቆምን። «መስፍን ሲያርፍ ኮምቦልቻ ፋጡማ ጋ ታምሜ ተኝቼ ነበር። ዘግይቶ ነው የሰማሁት። ቀብሩ ላይ እንኳን ሳልቆም ቀረሁ» አለኝ። ምን ይባላል? «ዋናው ጤና ነው» አልኩት። ገበያው ጥግ ላይ ካለች ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ስለ ልጆች ተጠያየቅን፤ ስለ ጉልበት ሕመም ተጠያየቅን። እኛ ዕድሜ የደረሰ ሰው ከዚህ በቀር ወሬ የለውም። ሃያ ሁለት ማዞሪያ የነበረችው የመኪና መለዋወጫ ሱቃቸው እንዴት እንደሆነች ስጠይቀው «መንገዱ ወሰዳት» አለኝ፣ ስለ ሞተ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ «ማዶዎቹን ታስታውሻለሽ?» አለኝ። አስታውሳለሁ ወይ? ሌላ ምን አስታውሳለሁ!

ሰዓት እላፊ የተነሳ ሰሞን ነበር። ማን ሄደ፣ ማን መጣ የሚለውን ለሚያውቁት ልተወውና፣ ለእኛ ለወጣቶቹ ነገሩ ሁሉ የተተረጎመው መንገድ ተከፈተ በሚል ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ማዞሪያ እውነትም አውቶቡሱ የሚዞርበት ቦታ ነበር። አውቶቡሱ ዞሮ ሲቆም ሹፌሩ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፤ ሰው እየተጠባበቀ ያወራል። ከማዞሪያው ወደ ውስጥ ስትገቡ የቆርቆሮ አጥር፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ የሰፊ ግቢ ውሻ። መስፍንና ሰይድ አጥር ለአጥር ነው ያደጉት። ቦሌ መንገድ ዳር ዳሩን ሣር ነበረበት፤ እሁድ ከሰዓት ሰው ለባብሶ አውሮፕላን ሲነሳ ለማየት ወደዚያ ይወርድ ነበር። እኛም ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮታችንን ለብሰን፣ ማኪያቶ ከነኬኩ በሁለት ብር ጠጥተንና በልተን ለአሳላፊው ጉርሻ እንተዋለን። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ ያለው ሁሉ ማሳ ነበር። ዛሬ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ልብስ የማሰጣበት የካ አባዶ ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት መስክ ነበር። በእግራችን አቋርጠነው ስንሄድ ገበሬው እሸት ይሰጠን ነበር። አሁን መስኮቴን ከፍቼ ያንን ማሳ ልፈልገው ብል አቅጣጫው ራሱ ይጠፋኛል።

እኔና መስፍን የምንሠራው ካርታ የሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ነበር። እሱ ነዳፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ወንዝና ተራራ በቀለም ሲያሠምር ይውላል። የኔ ሥራ ስም መለጠፍ ነበር። ኮምፒውተር አልመጣም፤ የተራራው፣ የወንዙ፣ የመንደሩ ስም በደቃቅ ፊደል ታትሞ ይመጣል፣ እኔ በምላጭ ቆርጬ በማጣበቂያ ካርታው ላይ አሳርፈዋለሁ። ያላየሁት አገር የለም ማለት ነው፣ ሳልሄድ። አንድ ቀን ከአዋሽ ወዲያ ያለው በረሃ ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የተሰጡኝ ስሞች መዳፌን አይሞሉም። በስተምሥራቅ የተራራው መስመሮች እንደ ጣት አሻራ ተጠጋግተው ተሥለዋል፤ አገር የሚያክል የተራራ ሰንሰለት ነው፤ በላዩ ላይ ግን አንድም የሚለጠፍ ስም የለም። ካርታውን ይዤ ወደ መስፍን ጠረጴዛ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም።

«ይኼ ተራራ ስም የለውም እንዴ?» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ አየኝ፣ ከዚያ ካርታውን አየ። «ስምማ ይኖረዋል። እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ።»

«ሄጄ ባየው ደስ ይለኛል» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሱ ግን እርሳሱን አስቀመጠና «የጓደኛዬ አባት በዚያ በኩል መኪና ይነዳሉ። እንጠይቃቸው» አለኝ። ፍቅራችን የተጀመረው እንደዚህ ነው፤ በሌላ መንገድ ሲተረክ ብትሰሙ አትመኑ።

የሰይድ አባት ጋሽ ይማም ከወሎ የመጡ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ግቢያቸው በረንዳ ላይ ሽርጣቸውን ታጥቀው ተቀምጠው ነው ያገኘናቸው። «እነዚያን ነው የምትሉኝ? ሜዳውን አልፎ ጥግ ላይ የሚታዩትን?» አሉ። «ስማቸውን እንጃ። እኛ ሹፌሮቹ ማዶዎቹ ነው የምንላቸው። ጠዋት ሐምራዊ ሆነው ይታያሉ፣ ቀትር ላይ ይጠፋሉ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። ዕድሜ ልኬን አልፌያቸው ሄድኩ፤ አንድ ቀን አጠገባቸው አልደረስኩም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛም ማዶዎቹ አልናቸው።

ዓመት ሙሉ ተዘጋጀን። እሁድ እሁድ አራታችን፣ እኔ፣ መስፍን፣ ሰይድና ፋጡማ፣ አንዴ እንጦጦ አንዴ የረር እንወጣለን። ዛሬ ይኼ ነገር ሃይኪንግ ተብሎ ስም ወጥቶለታል። ቅዳሜ ሌሊት የመገናኛን አስፋልት ሞልተው ቦርሳ ያዘሉ ልጆች አውቶቡስ ሲጠብቁ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ቲሸርታቸው አንድ ዓይነት፣ ጫማቸው የሚያምር። በእኛ ጊዜ ግን ሳይቸግረው ተራራ የሚወጣ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥር ነበር። የመስፍን እናት በር ላይ ቆመው «ስለት አለባችሁ ወይስ የጠፋ ከብት አለ?» ይሉን ነበር። እኔ ማዞሪያው ጋ ካለው ልብስ ሰፊ ወፍራም ካኪ ሱሪ አሰፋሁ። ሰውዬው የሴት መሆኑን ሲሰማ ሜትሩን ወገቤ ላይ ለማሳረፍ አፍሮ፣ ፋጡማ ለካችልኝና እሱ ዞሮ ቁጥሩን ጻፈ። እግሬ ሸራ ጫማ ውስጥ እየቆሰለ ከሁሉም ፊት ፊት የምወጣው እኔ ነበርኩ። ይህን ስል መኩራራት አይደለም፤ ሦስቱም ይመሰክሩ ነበር። መስፍን ከታች «ሮሚ፣ ተራራው አይሸሽም፤ ቀስ በይ!» እያለ ይጮኽብኛል። እኔ ግን የምወጣው የረርን አልነበረም። በእያንዳንዱ እርምጃ የምወጣው ያንን ስም የሌለውን ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተነሳን። በሶ፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሰርዲን፣ ውሃ በጀሪካን። ፋጡማ ለእናቷ ወደ ደሴ ዘመድ ጥየቃ ነው ብላ ነበር፤ ሰይድም አብሯት ዋሸ። ናዝሬት ቁርስ በላን፤ መተሐራን አለፍን፤ አዋሽን ተሻገርን፤ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ እየሞቀ መጣ። ላንድሮቨሯ ውስጥ አንድ ካሴት ብቻ ነበረን። ክሩ በሙቀቱ ረዝሞ የዘፋኙ ድምፅ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ሲጎተት ፋጡማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ከኋላ ወንበር በመስኮቱ ብቅ ብዬ ምሥራቅ ምሥራቁን አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ጀንበር ዘንበል ስትል ሰይድ መኪናዋን መንገድ ዳር አቆመና በጣቱ አሳየኝ። ከሜዳው ወዲያ፣ ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል ትንሽ ሲቀረው፣ ጫፍ ጫፋቸው የተሸረካከተ ሐምራዊ ተራሮች ተሰልፈዋል። ጋሽ ይማም እንዳሉት ተመልሰው መጥተዋል። አለቀስኩ። መስፍን መሐረቡን ሰጠኝና ወደ ሌላ በኩል ዞረ፤ ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችልበትም ነበር።

መንገድ ዳር ካለችው ትንሽ ከተማ ዓሊ የሚባል አፋር ከነግመሎቹ ይዞን ሄደ። ሰይድ ከአባቱ ጋር እየተመላለሰ ስላደገ አፋርኛ ይሞክራል፤ ዓሊ አማርኛ የሚባል አይሰማም። ዓሊ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው። ሜዳውን እያቋረጥን አንዴ ዞር ብሎ ሰይድን አንድ ነገር ጠየቀው፤ ሰይድ ሳቀ። «ምን አለ?» አልነው። «ምን ጠፍቷችሁ ነው እዚያ ላይ የምትወጡት አለኝ። ምንም አልጠፋንም ስለው፣ ታዲያ ምን ልታመጡ አለኝ።» ዓሊም እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ ባየን ቁጥር ይስቅ ነበር። ሜዳው ላይ የሚያልፍ ንፋስ ይሰማል፣ የግመሎቹ እግር ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ዝምታ ይኼን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ተራራው ሥር ከደረቅ ወንዝ ዳር ካሉ ግራሮች በታች ድንኳናችንን ስንተክል፣ ከላያችን የቆመው ጥቁር ቋጥኝ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት እየተነፈሰብን ነበር። እጄን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። ካርታው ላይ በጣቴ ስዳስሰው የኖርኩት መስመር ይኼው ነው፣ አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ልንነሳ ስንል ፋጡማ መቆም አቃታት። ፀሐዩ መትቷት ኖሯል። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ የጠጣችው ውሃ አይረጋላትም። ሰይድ «እህቴ ናት፤ እኔ እቀራለሁ፣ እናንተ ሂዱ» አለ።

«ያለ አንተ ከዓሊ ጋር በምን ቋንቋ እንግባባለን?» አለ መስፍን።

መቅረት ያለበት ከሁለታችን አንዳችን መሆናችን ገብቶናል። መስፍን ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን እንደገና ያስር ጀመር። ቀና ሳይል «ሮሚ፣ አንቺ ብትቆዪላትስ? ሴት ለሴት ይሻላል» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

እንዲህ ቶሎ ነው ያልኩት። አልተከራከርኩም፤ አላኮረፍኩም፤ «ይኼን ተራራ ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ» አላልኩም። እናቴ እንደዚህ ነበረች፤ አክስቶቼም እንደዚህ ነበሩ፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ። ፋጡማ ከተኛችበት እጄን ይዛ «ሂጂ፣ እኔ ልተኛ ነው» አለችኝ በተሰነጠቀ ከንፈሯ፤ እንዴት እሄዳለሁ? መስፍን ሊሄድ ሲል ተመልሶ መጣና «በሚቀጥለው ጥር እኔና አንቺ ብቻ እንመጣለን። ሙች!» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

ቀኑን ሙሉ የፋጡማን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዝኩ ወደ ላይ አንጋጥጬ ዋልኩ። መጀመሪያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ሦስት ነጠብጣቦች ሆኑ። ከዚያ ድንጋይ መሰሉ፤ ከድንጋዩ ተቀላቅለው ጠፉ። ከሰዓት በኋላ ፋጡማ ላብ አላባትና ትኩሳቷ በረደ፤ ተመስገን አልኩ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ «ጠዋት ብትድኝ ምን ነበረበት» የሚል ክፉ ሐሳብ በውስጤ አለፈ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ተመለሱ። ሰይድ ከሩቅ እየዘፈነ፣ እጁን እያወዛወዘ ነው የመጣው። መስፍን ግን ዝም ብሏል። ዝምታው የጠገበ ሰው ዝምታ መሰለኝ፤ እንዳያስቀናኝ ብሎ ደስታውን የዋጠ። መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። አየኝ፤ አንድ ነገር እንድለው የሚጠብቅ ዓይነት አስተያየት።

«ውሃ ልጨምርልህ?» አልኩት።

«ጨምሪልኝ» አለ።

ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። «ጫፉ ምን ይመስላል?» ከማለት የቀለለ ምን ጥያቄ አለ? ሰው ከገበያ ሲመጣ እንኳን ገበያው እንዴት ዋለ ይባላል። አልጠየቅኩም። አዲስ አበባ እስክንገባም አልጠየቅኩም። ስንጋባም አልጠየቅኩም። በሠርጋችን ማግስት ጓደኞቹ ስለ ማዶዎቹ ሲያነሱ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቂም ነው እንዳልል ከመስፍን ጋር በፍቅር ነው የኖርኩት። ግን አንዲት ትንሽ ቦታ ውስጤ ተዘግታ ቀረች፤ በሯን እኔ ያዝኩ፣ እሱም አላንኳኳም።

ጥር በየዓመቱ ይመጣል። የመጀመሪያው ጥር ሊያን አርግዤ ነበር። ሁለተኛው ሕፃን ይዘን የት እንሄዳለን ተባለ። ቀጥሎ ጋሽ ይማም ሞቱ፣ ላንድሮቨሯም ተሸጠች። ቀጥሎ በዚያ በኩል መንገዱ ጥሩ አይደለም የሚል ወሬ መጣ። ቀጥሎ የመስፍን እናት ታመሙ። አንድ ዓመት መስፍን ከቦንዳ ተራ በእግሬ ልክ ጠንካራ የተራራ ጫማ ገዝቶ አመጣልኝ፤ ቡናማ፣ ክሩ ቀይ። «ይኼማ ለማዶዎቹ ነው» አለኝ አልጋው ላይ እያስቀመጠው። ለካሁት፣ ልክ ነበር። ጥቂት ቆይቼ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። መስፍን ጫማው የት ሄደ ብሎ አልጠየቀኝም። እሱም መጠየቅ አይችልበትም ነበር፤ ሁለታችንም ጨዋ ነበርን፤ ጨዋነታችን ነው ጉድ የሠራን።

ቤታችን ለልማት ፈርሶ የካ አባዶ ስንገባ መስፍን ጡረታ ወጥቶ ነበር። የስኳር ሕመሙ እግሩን ያዘው። አንድ ቁስል ይድናል፣ ሌላ ይወጣል፤ ደረጃውን ለመውጣት በየፎቁ አረፍ ይላል። ያን ሁሉ ተራራ የወጣ እግር! አንድ ከሰዓት፣ ጥምቀት ያለፈ ሰሞን ነው፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጠራኝና «አንቺ፣ አሁንማ እዚያ ድረስ ደህና አስፋልት አለ አሉ። ሊያ መኪና ትከራይና ብንሄድስ? ባንወጣ እንኳን ከታች ቁጭ ብለን...» አለኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ቀና ሳልል «አንተ አይተኸው የለ እንዴ! ምን ያስቸኩልሃል?» አልኩት።

ሳቀ። «እውነትሽን ነው» አለ።

በዚያው ክረምት አረፈ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ሾላ ገበያ ከሰይድ ፊት ለፊት የተቀመጥኩት። ሻዬ ቀዝቅዟል። ሰይድ በከዘራው ወለሉን ቆርቆር እያደረገ «መቼም ያንን ነገር ነግሮሻል» አለኝ።

«የቱን?»

«ቁጭ ያለበትን።»

አልገባኝም። ፊቴን አይቶ ደነገጠ። «በአላህ! አልነገረሽም? እስከ መጨረሻው?»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ፣ ሰይድ?»

«አልወጣም እኮ፣ ሮማን። ጫፉ ሥር ደርሶ ቁጭ አለ። ከዚህ እስከዚያ ዳቦ ቤት ቢቀረው ነው። ደከመህ ወይ አልኩት። አልደከመኝም፤ አንተ ሂድ አለኝ። እዚህ ደርሰህ? ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ግን፣ ይኼን ተራራ ያገኘችው እሷ ናት፤ ከእሷ ቀድሜ ብረግጠው ደስ አይለኝም፤ ጠዋት ያልኳት ነገር ሲከነክነኝ ነው የወጣሁት፤ ከእሷ ጋር እመለሳለሁ አለኝ። ዓሊ እንኳን ሁለታችንንም እብድ ነው ያለን። ለእሷ እንዳትነግር ብሎ አስማለኝ። ለምን ስለው፣ ውለታ ያስቆጠርኩባት ይመስላታል፤ ስትጠይቀኝ እኔው እነግራታለሁ አለኝ።»

ስትጠይቀኝ። የሻይ ቤቱ ጫጫታ፣ ውጭ የሚያልፈው የጋሪ ድምፅ፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ሄደ። መስፍን በሰው ፊት ስለዚያ ጉዞ ሲያወራ «ማዶዎቹ ሄደን ነበር» ነው የሚለው። አንድም ቀን «ወጣን» ብሎ አያውቅም። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስም በፊደል እየለቀምኩ የኖርኩ ሴት፣ በቤቴ ውስጥ የሚነገር አንድ ቃል አምልጦኝ ኖሯል።

ሰይድ ሁለተኛ ሻይ አዘዘልኝ። አሳላፊዋ ልጅ ጠጡ ብላ አስቀምጣ ሄደች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኩ። «ጫፉ ምን ይመስላል?»

ሰይድ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። አሰበ። «እውነቱን ልንገርሽ? ምንም የለም። የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው። ንፋስ አለ፤ ዓይን አያስገልጥም። ወደ ወዲያኛው ማዶ ሌላ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ ሌላ ተራራ። ቶሎ ነው የወረድኩት። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«ወደ ታች ድንኳኗ ትታያለች። ግራሩ ሥር፣ ጥፍር የምታክል ነጭ። መስፍን ከተቀመጠበትም ይታያል። ስወርድ ወደዚያ ዞሮ ነው ያገኘሁት። አሁን ወጣች፣ አሁን ጨርቅ ነከረች፣ አሁን ገባች እያለ ሲነግረኝ ነበር።»

ሰይድ እስከ ታክሲው ተራ ሸኘኝ። ሁለታችንም እያነከስን ነው። «ልጆቼ ይወስዱናል፤ በዚህ ጥር እንሂድ» አለኝ፤ እኔም «እንሂድ» አልኩት። ከዚያ ጉልበቶቻችንን አየንና ሳቅን፤ ሳቁ ግን ወዲያው ነው ያለቀው። ታክሲው መገናኛን አልፎ በኮተቤ በኩል በትራፊኩ ውስጥ እየተንፏቀቀ፣ እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ምንም አላይም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት «ማዘር፣ አሞዎት ነው?» ብላ ውሃዋን ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

ቤት ገብቼ በርበሬውን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥኩ ሊያ ደወለች። ቦሌ ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ ትደውላለች። «ማሚ፣ እንዴት ዋልሽ? ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ሰይድን አገኘሁት። የአባትሽን ጓደኛ።» እንዴት እንደምነግራት አላወቅኩም። ልጅ ስለ አባቷ አምና የኖረችውን ነገር ማፍረስ መሰለኝ። «ሊያ፣ አባትሽ እዚያ ተራራ ጫፍ አልወጣም ነበር አሉ።»

«አዎ» አለች፣ ምንም ሳይገርማት። «አንቺን እየጠበቀ ነበራ።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ። ልጅ ሆኜ ጠየቅኩት። አባዬ፣ እዚያ ጫፉ ላይ ምን አለ ስለው፣ እኔም አላየሁትም፤ ከእናትሽ ጋር ሄደን አይተን እንነግርሻለን አለኝ። ሁለታችሁ የምታወሩት መስሎኝ ነው እኮ እኔ ያላነሳሁት። ማሚ፣ አንቺ ጠይቀሽው አታውቂም እንዴ?»

የጎረቤት ልጆች ደረጃውን እየሮጡ ይወርዳሉ። ሊያ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ? ማሚ? ትሰሚኛለሽ?» እያለች ደጋግማ ትጣራለች።

እሰማት ነበር። «አልጠየቅኩትም፣ ልጄ» አልኳት።